ከሰው ደጅ የመጣ እንጨት

«ያውርዱት!» አለ የፓርኩ ጥበቃ ስካውት።

ኤልዳና ለእሷ የተባለ አልመሰላትም። ጉም አጥር ላይ በዚያ ሰዓት የሚናገር ሰው በፕሮግራሙ የለም፤ የሚሰማው የወፍና የጭላዳ ድምፅ ብቻ ነው። እንደ ልማዷ ጎንበስ ብላ፣ ሸክሟን በጀርባዋ አዝላ፣ እግሯን ጎተት ጎተት እያደረገች ቁልቁለቱን ቀጠለች።

«እማማ፣ እርስዎን እኮ ነው! እንጨቱን ያውርዱ!»

ቆመች። አዲስ ዩኒፎርም የለበሰ፣ ጫማው ገና ጭቃ ያልጠገበ ጎልማሳ መንገዱን ዘግቶባታል።

«እንጨት አይደለም፣ ልጄ፤» አለች ከንፈሯን ብዙም ሳታንቀሳቅስ። «ዞር በልልኝ።»

«እንጨት አይደለም? ዓይኔ እያየ?»

«ዓይንህማ ምን ያድርግ፤ ዓይን ይሸውድ ተብሎ እኮ ነው የተሠራው። ዞር በል፣ እንግዶቹ ያዩናል።»

«ይዩና! ሕግ ሲከበር ቢያዩ ምን አለበት?» አለና ሸክሙን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ አንድ ሙሉ ሸክም እርጥብ የአስታ እንጨት የሚያነሳ ሰው የሚያወጣውን ጉልበት ሁሉ አውጥቶ ወደ ራሱ ሳበው።

ሸክሙ ከአንዲት ቄብ ዶሮ አይከብድም። ስካውቱ ከነሸክሙ ወደ ኋላ ተፈናጥሮ በጀርባው ተዘረረ፤ ኮፍያው ወደ ገደሉ ተንከባለለ። ከላይ፣ እንግዶቹ ከሚያዩበት የመስተዋት በረንዳ፣ ጭብጨባ ወረደ።

«ነገርኩህ እኮ፤» አለች ኤልዳና።

የስካውቱ ስም ጓንጉል ነው። የዘመኑ ጎልማሳ ስሙ ሁሉ እንዲህ ነው፤ ጓንጉል፣ ድንበሩ፣ በለጥሻቸው። አሮጊቶቹ ናቸው ኤልዳና እና ሶልያና የሚባሉት። ከተሜው ልጁን በቅድመ አያቱ ስም መጥራት ከጀመረ ወዲህ፣ ስም ብቻ ሰምቶ ማን ማንን እንደወለደ የሚያውቅ ሰው የለም። ጓንጉል ከአዲስ አበባ ከመጣ ገና ሁለተኛ ቀኑ ነበር፤ ስለ ሸክሙ የነገረው ሰው አልነበረም። መቼም አዲስ ሰው ሲመጣ የሚነገረው የማይጠቅመው ነገር ነው።

ጉም አጥር ላይ እንጨት መንደድ ካቆመ አርባ ዓመት ሊሞላው ነው። አስታው እንዲያገግም፣ ቀይ ቀበሮው እንዲረባ፣ እንግዳ እንዲበዛ ተብሎ ነበር የተከለከለው፤ ሦስቱም ሆኗል። ይህን የሚክድ የለም። አስታው ጫካ ሆኖ ሰው አያሳልፍም፤ ቀበሮው ጠግቦ ሰው ሲያይ ያዛጋል፤ እንግዳው ዓመት ሙሉ ይጎርፋል። ሰዉ ደግሞ ከላይ ሰፈር ወደ ታች ሰፈር ወረደ። ላይ ሰፈር ያሉት የሣር ክዳን ቤቶች ለመታየት ናቸው። ታች ሰፈር፣ ከኮረብታው ጀርባ፣ ግድግዳቸው የሚሞቅ ክፍሎች አሉ፤ ለመኖር።

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ጭስ ከፋቹ መጥቶ የላይ ሰፈርን ጭስ ይከፍታል። በየክዳኑ ላይ ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ነፋስ ቢኖርም ቀጥ ብሎ ነው። የአስታ ሽታ አለው፤ ዓይን ግን አያቃጥልም። ድሮ ያቃጥል ነበር፤ አንድ እንግዳ ከሰሰና ተስተካከለ።

የኤልዳና የሥራ መደብ «እንጨት ተሸካሚ እናት» ይባላል። ልጅ አልወለደችም፤ ግን መደቡ እናት ስለሚል እናት ናት። ጠዋት አንድ ሰዓት ሲሆን ከአስታው ጫፍ ካለው ዳስ ውስጥ ሸክሟን ታነሳለች፤ ከበረንዳው ሥር ባለው መንገድ ጎንበስ ብላ ታልፋለች፤ ከታች ታስቀምጠዋለች። ሸክሙ ከውጭ ሲያዩት እውነተኛ ነው፤ ቅርፊቱ፣ ሽበቱ፣ የተሰነጠቀው ጫፉ ሁሉ። ውስጡ ባዶ ነው። የሚከብደው መጉበጡ ነው። በየወሩ ይገመገማል። «ጉብጠትዎ ቀንሷል፤» ብሎ ሥራ አስኪያጁ ክንፉ ሁለት ጊዜ አስጠንቅቋታል። ስድሳን የተሻገረች ሴት፣ ጤና ስለሆነች የምትገሠጽበት አገር ሌላ መኖሩን እንጃ።

ጓንጉል በወደቀ ዕለት ሁለቱንም ቢሮ ጠሯቸው። ጓንጉል የመባረሪያውን ቃል እየጠበቀ ኮፍያ በሌለው ራሱ ቆመ። ክንፉ ግን ፈገግ ብሎ ተቀበላቸው።

«እንግዶቹ እስሩን በጣም ወደውታል፤» አለ። «ከነገ ጀምሮ ይገባል። ያስቆማታል፤ ሸክሙን አንስቶ ይመዝናል፤ እሷ ትለምናለች፤ እሱ ራርቶ ይለቃታል። እንዳትረሳ፣ ራርተህ ነው የምትለቃት።»

«መውደቄስ?» አለ ጓንጉል።

ክንፉ ትንሽ አሰበ። «መውደቁ በሳምንት አንድ ቀን ይበቃል።»

እስሩ እንዲህ ተጀመረ። ጓንጉል ጠዋት ጠዋት «ያውርዱት!» ይላል፤ ኤልዳና መሬት ላይ ተንበርክካ «የእኔ ጌታ፣ የቤቴ ምድጃ ጠፍቶ ነው፤» ትላለች፤ እሱም ሸክሙን ከፍ አድርጎ አይቶ፣ ወደ ሰማይ ተመልክቶ፣ ይራራል። ሁለቱም ሥራቸውን አሳምረው ይሠሩት ነበር። አንዳንዴ ልመናው መሐል ላይ በሹክሹክታ «ቁርስ በልተሃል?» ትለዋለች፤ እሱም በቁጣ ድምፅ «ገና ነኝ!» ይላታል። እንግዶቹ ቋንቋውን ስለማያውቁ ያለቅሳሉ።

ባሏ ያቤጽ ከሞተ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ነበር ይህ የሆነው። ያቤጽም በሕይወቱ እያለ መደብ ነበረው፤ «ዋሽንት የሚነፋ አባት»። ዋሽንቱ የሚነፋው ከድንጋይ ሥር ካለ ማጉያ ነው፤ እሱ ጣቱን ብቻ ነበር የሚያንቀሳቅሰው። ሰው ሲጠይቀው «ጣቴ ነው ደሞዝተኛው» ይል ነበር።

የጉም አጥር ሰው አንድ ደንብ አለው። ለቅሶ ቤት የሚሄድ ሰው ከደጁ አንድ እንጨት ይዞ ይሄዳል። እንጨቱ ለቅሶ ቤቱ ግቢ ውስጥ ይነድዳል፤ ሰዉ ይከበዋል። ይህ ብርዱን ለመከላከል ብቻ አይደለም። የጉም አጥር ወንድ በሰው ፊት አያለቅስም። እሳቱ ዘንድ ሲቀመጥ ግን ጭሱ ወደ እሱ ይመጣል፤ ያኔ ዓይኑን እየጠራረገ «ይሄ ጭስ!» ይላል፤ ያለቅሳል። ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አይናገርም። ስለዚህ ነው «እንጨት ያላመጣ አልቀበረም» የሚባለው።

ያቤጽ ሲሞት አስጎብኚው ድርጅት ምስል ብቻ የሆነ የመስተዋት እሳት ላከ። ቆንጆ ነው፤ ነበልባሉ ይዘላል፣ ፍሙ ይሰነጠቃል፣ ቻ ቻ የሚል ድምፅም አለው። ሰዉ ከቦት ተቀመጠና በልማድ እጁን ዘረጋ። አልሞቀም። እጁን መልሶ ሰበሰበ። ጭስም የለው። የያቤጽ አብሮ አደጎች፣ አብረውት ገደል የወጡ፣ አብረውት የታመሙ ሽማግሌዎች፣ ዓይናቸው ደርቆ ሦስት ቀን መስተዋት ሲያዩ ሰነበቱ። አንዳቸውም እንባ ጠብ አላደረጉም፤ በምን ያመካኙ? ሴቶቹ አልቅሰዋል። በአራተኛው ቀን ሰው መጥቶ መስተዋቱን ነቅሎ ወሰደው፤ ሌላ ቦታ ይፈለጋል ብሎ።

 ከዚያ ወዲህ ኤልዳናን መንገድ ላይ የሚያገኟት ወንዶች ሁሉ ዓይናቸውን ይሰብሩባት ነበር፤ እሷም ታውቀዋለች። ያቤጽ በሴት ብቻ ተለቅሶለት፣ ግማሹ ሳይቀበር ቀረ።

አንድ ጠዋት ዳሱ ውስጥ ሸክሟን ስታነሳ ከአናቷ በላይ ጆፌው ዞረ። ጆፌ አሞራ አይደለም፤ በራሪ ካሜራ ነው፤ በአሞራው ስም የሚጠራው ሰዉ ነው። አስታ የነካ ሰው ካለ ያያል፤ ያየውን ይናገራል። የተነገረበት ሰው መታወቂያው ይወሰድና ቆላ ባሉት አዳዲስ ከተሞች ውስጥ ፎቅ ይሰጠዋል። ወደ ተራራው ግን አይመለስም። ጆፌው ኤልዳናን አየና ዝም ብሎ አለፈ። እስሩ ከተጀመረ ወዲህ እሷን ማየት ትቷል። ለካ በፕሮግራም የተያዘ ሌባ ሌባ አይደለም።

ከዳሱ ጀርባ፣ አርባ ዓመት ማንም ያልነካው የደረቀ አስታ ተጋድሟል። እጇን ላከች። አንዱ ቅርንጫፍ ቀጭ አለ። ሸክሙን ገለበጠችና ሆዱ ውስጥ ከተተችው።

መንገዱ ላይ ጓንጉል እንደ ወትሮው «ያውርዱት!» አለ፤ እንደ ወትሮው አነሳ። እጁ ቀጥ አለ። ሸክሙን ዝቅ አደረገ፤ ደግሞ አነሳው።

«ምን አለው ዛሬ?» አለ በሹክሹክታ።

«የእኔ ጌታ፣ የቤቴ ምድጃ ጠፍቶ ነው!» ብላ ጮኸች። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ሰው ያያል፤ ፊትህን አስተካክል።»

«እውነተኛ ነው እንዴ? እማማ፣ እውነተኛ ከሆነ…»

«ከሆነስ?»

«ከሆነማ ላስርዎት ነው!»

«እያሰርከኝ እኮ ነው።»

ጓንጉል ወደ በረንዳው ቀና አለ። እንግዶቹ ከመስተዋቱ ጋር ተጣብቀው ይጠብቃሉ። እውነተኛ ሕግ አስከባሪ ሆኖ ቢጮህ ማን ያምነዋል? ይበልጥ ያጨበጭቡለታል እንጂ። ወደ ሰማይ ተመለከተ። ራራ።

ከታች፣ ሸክሙ ከሚቀመጥበት ቦታ፣ ከሥራ ሲወጣ ቀጥ ብሎ መጣባት። «ምን ፈልገው ነው?» አላት። ነገረችው። ስለ ያቤጽ፣ ስለ መስተዋቱ፣ ስለ ወንዶቹ ደረቅ ዓይን። ስትጨርስ የጫማውን ጭቃ በድንጋይ ጠረገ።

«የእኔ አባት ሲሞት፣» አለ፣ «ስልክ ላይ ነው ያለቀስነው። እያንዳንዳችን በየክፍላችን።»

«ውይ፣ ልጄ!»

«እኔ ምንም አላየሁም። ግን በቀን ከአንድ ቅርንጫፍ እንዳያልፍ። ወገቤንም ያስቡልኝ።»

ቅርንጫፉ ላይ ቅርንጫፍ ተጨመረ። ኤልዳና አልጋዋ ሥር ደረደረችው። ሌሊት ግድግዳው በሚያምር የሴት ድምፅ «የዛሬው የሙቀት ድርሻዎ አልቋል፤ መልካም እንቅልፍ» ሲላት፣ «አንቺም እደሪ» ብላ እንጨቷን በእግሯ እየነካች ትተኛለች። በወሩ ግምገማ ክንፉ እጇን ጨብጦ አመሰገናት። ጉብጠቷ እጅግ ተሻሽሏል፤ ላቧ ደግሞ የተፈጥሮ ይመስላል። ሌሎቹ እናቶች ከእሷ ይማሩ ተባለ።

እንጨቱ ሲበቃት ወደ እድሩ ዳኛ ወደ አቶ ናታን ሄደች። አቶ ናታን የያቤጽ የቅርብ ጓደኛ ነበሩ፤ ባለፈው ዓመት ከመስተዋቱ ፊት ከሁሉ ይበልጥ ዓይናቸው ደርቆ የዋለው እሳቸው ናቸው። ሹክ አለቻቸው።

«እንጨት አለሽ?» አሉና ተነሥተው በሩን ዘጉ። «እውነተኛ?»

«አልጋዬ ሥር። ለሙት ዓመቱ አነድደዋለሁ።»

አቶ ናታን ተቀመጡ። ደስታቸው ከፊታቸው ላይ ቀስ እያለ ሲወርድ ታያት። «አይሆንማ።»

«ምኑ?»

«ሐዘንተኛ የራሱን እንጨት አያነድም፣ ኤልዱ። ነውር ነው። ለሟች የሚነድ እንጨት ከሰው ደጅ ነው የሚመጣው። አንቺ ራስሽ አንድደሽ እኛ መጥተን ብንሞቅ፣ ያ ለቅሶ ነው ወይስ ግብዣ?»

«ጋሼ ናታን፣ ሰው ደጅ ላይ ምን አለና? የሚሞቅ ግድግዳ ተፈልጦ አይመጣ!»

«እሱን እኔ አላውቅም። ደንቡን ግን አውቃለሁ።»

ኤልዳና ተናዳ ወጣች። መንገድ ላይ ሽማግሌውን፣ ደንቡን፣ ደንቡን ያወጡትን ሁሉ በየተራ ረገመች። ቤቷ ስትደርስ ግን እርግማኑ አለቀባት፤ አልጋዋ ጫፍ ተቀመጠች። እውነታቸውን ነው። ያቤጽ ቢሰማ ራሱ «የራስሽን እንጨት? አዋረድሽኝ» ይላት ነበር። ከዚያ፣ ትንሽ ቆይታ፣ ሳቀች። ብቻዋን ክፍል ውስጥ በመሳቋ ግድግዳው «ደኅና ነዎት?» ብሎ ጠየቃት።

በነጋታው እንጨቷን ማከፋፈል ጀመረች። በቀሚሷ ሥር አንድ አንድ እየያዘች በየበሩ ሄደች።

«ይሄን ያዝ።»

«ምንድን ነው?»

«እንጨት። አሁን ያንተ ነው። ደብቀው። የያቤጽ ሙት ዓመት ዕለት ይዘህልኝ ትመጣለህ።»

«ለምን ታዲያ አንቺው ጋ አትተይውም?»

«ከሰው ደጅ መምጣት አለበት!»

አንዳንዱ ሳይገባው ተቀበለ፤ አንዳንዱ ገብቶት እየሳቀ ተቀበለ። አንዱ ሽማግሌ አፍንጫው ላይ አድርጎ አሸተተውና ድምፅ ሳያሰማ በሩን ዘጋ። ሶልያና ግን፣ ከአጠገቧ ያለችው ጎረቤቷ፣ በሩን ገርበብ አድርጋ አየቻትና ራሷን ነቀነቀች።

«ኤልዱዬ፣ አልችልም። ልጄ በረንዳው ላይ ነው የሚሠራው። ቢታወቅ መጀመሪያ እሱን ነው የሚያባርሩት።»

«አንዲት እንጨት እኮ ናት።»

«አንዲት እንጨት ናት፤ አንድ ልጅ ነው ያለኝ።»

ኤልዳና እንጨቷን ወደ ቀሚሷ መልሳ ሄደች። ተከፍታ ነበር፤ ግን በሐቅ ካሰበችው ምን ልትላት ትችላለች?

ለአቶ ናታን ትልቁን ሰጠቻቸው። ዳኛ ናቸውና። ከሁለት ቀን በኋላ በደጃቸው ስታልፍ አፍንጫዋ ቆመ። ከበራቸው ሥር፣ ለሌላ ሰው የማይታወቅ፣ ቀጭን፣ ጣፋጭ፣ የሚከረክር ሽታ ይወጣል። በሩን ደበደበች።

አቶ ናታን ከፈቱ። ዓይናቸው ቀልቷል፤ ክፍሉ ታፍኗል። የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ የእንጨቱ ግማሽ ፍም ሆኗል፤ አጠገቡ አንድ እንግዳ የረሳው ላይተር ተጥሏል። እግራቸው ባዶውን ሳፋው ላይ ተዘርግቶ ነበር።

«ጋሼ ናታን!»

«ጫፉን ብቻ ነበር ያልኩት፤» አሉ። «ሽታውን ላስታውስ ብዬ። ከዚያ እግሬ… እግሬ ከለመደ በኋላ እንቢ አለኝ።»

«የያቤጽን እንጨት! ደንቡን ያወቁት እርስዎ!»

«ሙቀት ደንብ አያውቅም፣ ኤልዱ።» ሰማንያ ዓመት የሞላቸው ሰው እንደ ሕፃን አንገታቸውን ደፉ። «ሰው እንዳትነግሪ።»

ሌላ እንጨት አልሰጠቻቸውም። የሰጠቻቸውን በልተዋልና የራሳቸውን ይፈልጉ።

የሙት ዓመቱ ዕለት እሑድ ነበር። አቶ ናታን ቀደም ብለው መክረዋት ነበር፤ ታች ሰፈር፣ ከኮረብታው ጀርባ፣ ማንም በማያይበት ቦታ ይሁን ብለው። «ያቤጽ በስርቆት አልሞተም፤» አለቻቸው፤ «በስርቆት አላስለቅስለትም።» እናም ላይ ሰፈር፣ ሙሽራ ሆና በገባችበት የሣር ክዳን ቤት ደጃፍ፣ ከበረንዳው ፊት ለፊት፣ ጥቁሯን ለብሳ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ቤቱ አሁን «ቤት ቁጥር ስድስት፣ የእናት ጓዳ» ነው የሚባለው። በክዳኑ ላይ የጭስ ከፋቹ ጭስ ቀጥ ብሎ ይወጣል።

አራት ሰዓት ገደማ ሰው መምጣት ጀመረ። ከቀሚስ ሥር፣ ከኮት ውስጥ፣ አንዱ ከሱሪው እግር ውስጥ፣ እያንዳንዱ እንጨቱን እያወጣ «እግዚአብሔር ያጥናሽ» ብሎ ከፊቷ ያኖራል። የራሷን እንጨት። ለየአንዳንዱ «ኧረ ለምን ተቸገራችሁ» ትላለች፤ እነሱም ፊታቸውን ሳያጥፉ «ከደጃችን ያለውን ነው» ይሏታል። ከዚያ በላይ የሚያስቅ ነገር በጉም አጥር ላይ ተደርጎ አያውቅም፤ ግን የሳቀ ሰው አልነበረም።

አቶ ናታን መጨረሻ መጡ። ባዶ እጃቸውን አይደለም፤ የዳኝነት ከዘራቸውን ተደግፈው ነው። እሳቸውና አባታቸው የተደገፉት የወይራ ከዘራ ነው። ክምሩ ዘንድ ሲደርሱ ቆሙ፣ ከዘራውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ለመስበር ሞከሩ፤ ወይራ መቼ ይሰበራል። እንዳለ ከላይ አጋደሙት። ኤልዳና ልትናገር አፏን ከፈተች።

«ከደጄ ያለው ይሄው ነው፤» አሉ። «አንድ ነገር እንዳትይኝ።»

ከዚያም ሌላ ችግር መጣ። ለኮሱት፤ አልያያዝም አለ። አርባ ዓመት እሳት ያላነደደ ሽማግሌ ሁሉ አዋቂ ሆነ። አንዱ ቀጭኑ ከታች ይሁን ይላል፤ አንዱ ነፋስ ስጡት ይላል፤ አንዱ «አያቴ በዚህ በኩል ነበር የምትለኩሰው» ብሎ ላይተሩን ነጠቀ። ሲጨቃጨቁ፣ እሳቱ ማንንም ሳይጠይቅ በራሱ ጊዜ ቦግ አለ።

ጭሱ እንደ ከፋቹ ጭስ ቀጥ ብሎ አልወጣም። ተንከባለለ፤ መሬት ለመሬት ሄደ፤ ነፋሱ ጠምዝዞ የሽማግሌዎቹ ፊት ላይ ጣለው። አቶ ናታን ዓይናቸውን ያዙ።

«ይሄ ጭስ!» አሉ።

ድምፃቸው እዚያ ላይ ተሰበረ። ከዚያ ከአጠገባቸው ያለው «ኧረ ይሄ ጭስ!» አለ፤ ከዚያ ወዲያኛው። ዓመት ሙሉ ደርቆ የከረመው ሁሉ አንድ ላይ ወረደ። የያቤጽን ስም እየጠሩ፣ አብረው የወጡትን ገደል እየጠሩ፣ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ አለቀሱ፤ መሐል መሐሉን ደግሞ ጭሱን ይረግማሉ። ኤልዳና እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ አየቻቸው። ሶልያና ከአጥሩ ውጭ ቆማ ነበር። እጇ ባዶ ነውና አልቀረበችም፤ ከዚያው ከሩቅ አለቀሰች።

ጆፌው መጣ። አንድ ሆኖ መጥቶ ሦስት ሆነ። ከኋላው ክንፉ በሩጫ ደረሰ፤ ከክንፉ ኋላ ጓንጉል፤ ከጓንጉል ኋላ ደግሞ ከበረንዳው የወረዱት እንግዶች፣ ብርድ ልብስ እንደለበሱ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ ክንፉ። «ማን ፈቀደ? ምን እያደረጋችሁ እንደሆነ ታውቃላችሁ?»

«እየቀበርን ነው፤» አለች ኤልዳና።

«ሰውዬው የሞተው ዓምና አይደለም እንዴ?»

«ዓምና ሞተ። ዘንድሮ ተቀበረ።»

«መታወቂያዎን ያምጡ። ነገ ጠዋት ወደ ቆላ ይወርዳሉ። እንጨት ያመጣም ሁሉ!» ዞሮ ጓንጉልን አየው። «ምን ትገተራለህ? እሰራት እንጂ!»

ጓንጉል ኮፍያውን አወለቀ። የእሳቱ ወላፈን ፊቱን አቅልቶታል። «የእኔ እስር ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነው፣ ጌታዬ፤» አለ። «ከዚያ በኋላ ፕሮግራም የለኝም።» ይህን ብሎ ከሽማግሌዎቹ ጀርባ፣ ጭሱ በሚሄድበት በኩል፣ ፈልጎ ተቀመጠ።

ኤልዳና መታወቂያዋን ከጉያዋ አወጣች፤ ለክንፉ ግን አልሰጠችውም። እግሯ ሥር፣ መሬት ላይ፣ አኖረችው። አቶ ናታን ዓይናቸውን እየጠራረጉ የራሳቸውን አውጥተው ከእሷ ጎን አስቀመጡ። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው። ማንም አልተነሣም። ከሁሉ በኋላ ሶልያና ከአጥሩ ውጭ ሆና የራሷን ወረወረች፤ ሳይደርስ መንገድ ላይ ቀረ።

«ይውሰዱት፤» አለች ኤልዳና። «ሁላችንንም ይውሰዱን። ነገ ጠዋት ግን ከአስታው ጫፍ ማን ጎንበስ ብሎ እንደሚወርድ ያስቡበት።»

ክንፉ ጎንበስ ብሎ ሊለቅም ጀመረ፤ ከመሐል ግን ቆመ። ጆሮው ውስጥ የሆነ ሰው እያናገረው ነበር። «አዎ… አዎ፣ ጌታዬ… አይ፣ ማንም አልከሰሰም… አዎ፣ ያለቅሳሉ… እንግዶቹም ያለቅሳሉ።» ወደ እንግዶቹ ዞረ። ከጭሱ መሐል ገብተው ዓይናቸው ቀልቶ፣ አፍንጫቸውን እየጠራረጉ፣ አንዲት አሮጊት እንግዳ ደግሞ የኤልዳናን ሰፈርተኛ ክንድ ይዛ ተቀምጠዋል። ለቤታቸው ሰው ይሁን ለያቤጽ፣ ለማን እንደሚያለቅሱ አይታወቅም።

ክንፉ የለቀመውን መታወቂያ አንድ ባንድ መልሶ መሬት ላይ አኖረ። ሱሪውን እንዳይነካው ሰብሰብ አድርጎ ከኤልዳና አጠገብ ቁጢጥ አለ። ድምፁ ለስልሶ ነበር።

«እትዬ ኤልዳና፣ ዋናው ቢሮ አይቶታል። በጣም፣ በጣም ነው የወደዱት። እንጨቱን እናስፈቅዳለን፤ የደረቀውን ብቻ ነው፣ ብዙ ነው ያለው። መታወቂያ የሚባል ነገር የለም፤ ይረሳ። በየሳምንቱ ቅዳሜ ይገባል።»

 አቶ ናታን ዓይናቸውን ከመሐረባቸው ላይ አነሱ።

ኤልዳና ከከዘራው ሥር ያፈነገጠ እንጨት ወደ እሳቱ መለሰች። «እንዲህ እንዳለ?» አለች።

«እንዲህ እንዳለ! ምንም ሳይቀነስ። ሐዘንተኛው፣ እንጨቱ፣ ጭሱ፣ ልቅሶው።»

«ምንም ሳይጎድል?»

«ምንም ሳይጎድል።»

«ጥሩ፤» አለች እጇን እያራገፈች። «እንግዲያው ሟቹን በየሳምንቱ ከቢሮ ትልካላችሁ።»